ቅጠል የሚያሳምም፣ ሰው የሚያክም

ካውፒ የሚባለው የአተር ዘር በተዘራ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአፈር ብቅ ብሎ ሁለት ሰፋ ያሉ ቅጠሎች ይዘረጋል። የቫይረስ ተመራማሪው የሚጠብቀው ይህን ጊዜ ነው። በቅጠሎቹ ላይ ካርቦራንደም የሚባል የደቀቀ ጠንካራ ዱቄት ይነሰንሳል፤ ቫይረስ ያለበት ፈሳሽ ጠብ ያደርግበትና ጓንት ባጠለቀ ጣቱ ቀስ አድርጎ ያሻዋል። ዱቄቱ የቅጠሉን ገጽ ይቧጭራል፤ ቫይረሱም በጭረቱ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚወጡት ቅጠሎች ዥንጉርጉር ናቸው። አረንጓዴው ከቢጫ ይደባለቃል፣ ቅጠሉ ይጨማደዳል። ገበሬ ቢያየው አንገቱን ይደፋል። እዚህ ቤት ግን የሚጠበቀው ምርት ፍሬው ሳይሆን በሽታው ነው።

የታመሙት ቅጠሎች ተለቅመው በማቀዝቀዣ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ከጨው ውሃ ጋር ይፈጫሉ፣ በሻሽ ይጠለላሉ። አረንጓዴው ቀለምና የተክሉ ፍርስራሽ በክሎሮፎርምና በቡታኖል ይለያል። የቀረው ፈሳሽ የስኳር ውሃ በንብርብር በተሞላበት ቱቦ ላይ ተደርጎ በከፍተኛ ፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ ይዞራል። መሣሪያው ሲቆም ቱቦው ወጥቶ ከላይ መብራት ይበራበታል። በጠራው ፈሳሽ መካከል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ቀለም ያላቸው ቀለበቶች ተደርድረው ይታያሉ። እነሱ ንጹሕ ቫይረስ ናቸው። ከላይ ያለው ቀለበት በውስጡ ምንም የሌለው ባዶ ቅርፊት ሲሆን፣ ከታች ያሉት ደግሞ ዘረመላቸውን የያዙ ናቸው።

ከአንድ ኪሎ ቅጠል እስከ አንድ ግራም ገደማ ቫይረስ ይገኛል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ግራም ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች አንድ ቢሊዮን መቶ ሚሊዮን ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘውን ቁጥር ያህላሉ። በአይጥ ዕጢ ላይ በሚደረጉ ሙከራዎች በአንድ ጊዜ የሚወጋው መጠን ብዙውን ጊዜ 100 ማይክሮግራም ነው። እንግዲህ አንድ ኪሎ የታመመ ቅጠል ለ10,000 የአይጥ መርፌ ይበቃል ማለት ነው።

እነዚህ ቅንጣቶች ለሕክምና ምን ይፈይዳሉ? ሳይንሱ ለዓመታት የሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ መድኃኒት ተሸክመው ወደታመመው ቦታ ያደርሳሉ የሚል። ያ መልስ ስህተት አይደለም። ነገር ግን በእኔ እምነት የዚህ ዘርፍ ትልቁ ተስፋ ያለው ቫይረሱ በሚሸከመው ነገር ላይ ሳይሆን በራሱ በቫይረሱ ላይ ነው። ወደዚያ ለመድረስ ትንሽ ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቫይረስ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩ የታወቀው በሰው ሕመም ሳይሆን በትምባሆ ሕመም ነው። በ1886 ጀርመናዊው አዶልፍ ማየር በኔዘርላንድ፣ ዋኸኒንገን ሆኖ የትምባሆን ቅጠል የሚያዥጎረጉረው በሽታ በቅጠሉ ጭማቂ ከተክል ወደ ተክል እንደሚተላለፍ ጻፈ። በ1892 ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ ጭማቂውን ባክቴሪያ በማያሳልፍ የሸክላ ማጣሪያ አሳለፈው፤ የተጣራውም ጭማቂ ተክሉን አሳመመ። በ1898 ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ባይሪንክ ይህ ባክቴሪያ ያልሆነ ሌላ ተላላፊ ነገር ነው ብሎ ደመደመ። አሜሪካዊው ዌንዴል ስታንሊ በ1935 የትምባሆውን ቫይረስ ልክ እንደ ኬሚካል ወደ ክሪስታልነት ለወጠው፤ ለዚህም በ1946 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሁለት ሌሎች ሳይንቲስቶች ጋር ተካፈለ።

ከዚያ በኋላ የመጣችው ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ናት። ስሟ ሁልጊዜ ከዲኤንኤ ጋር ይነሣል፤ ነገር ግን በለንደን ቢርክቤክ ኮሌጅ ከ1953 ጀምሮ እስካረፈችበት እስከ 1958 ድረስ የደከመችው በአብዛኛው ለዚህ ቫይረስ ነው። በኤክስሬይ እየመረመረች ውስጡ ክፍት የሆነ ዘንግ መሆኑንና ዘረመሉ የሆነው አር ኤን ኤ በፕሮቲኖቹ መካከል ተቀብሮ እንደሚዞር አሳየች። ዛሬ መጠኑ በደንብ ይታወቃል። ርዝመቱ 300 ናኖሜትር፣ ውፍረቱ 18 ናኖሜትር፣ መሐሉን የሚያቋርጠው ቦይ ስፋት ደግሞ 4 ናኖሜትር ነው። ዘንጉን የሚሠሩት ደግሞ 2,130 ያህል ፍጹም ተመሳሳይ ፕሮቲኖች ናቸው። በ1955 በካሊፎርኒያ በርክሌይ፣ ፍሬንክል-ኮንራትና ዊሊያምስ የፕሮቲኑንና የአር ኤን ኤውን ክፍል ለይተው እንደገና በብልቃጥ ውስጥ አገናኟቸው። ማንም ሳይገጣጥማቸው ራሳቸው ተገጣጥመው ተክል የሚያሳምም ቫይረስ ሆኑ።

በዚህ ነጥብ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው፤ የናኖ ሕክምና ጉዳይ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነውና። በፋብሪካ ከስብ፣ ከፕላስቲክ ወይም ከወርቅ ናኖቅንጣት የሚሠራ ሰው ትልቁ ራስ ምታቱ መጠን ነው። አንዱ ቅንጣት 80 ናኖሜትር፣ ሌላው 120 ይሆንበታል፤ በአንዱ ላይ የተለጠፈው መድኃኒት በሌላው ላይ አይደገምም። መድኃኒት ደግሞ ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ቫይረስ ይህን ችግር አያውቀውም። መጀመሪያ ላይ ከቅጠል ሲጣራ ያየነው የካውፒ ሞዛይክ ቫይረስ ሁሌም 30 ናኖሜትር ገደማ ነው። ሁሌም ከሁለት ዓይነት ፕሮቲኖች፣ ከእያንዳንዳቸው 60 ፍሬ ይሠራል። የሰው ፀጉር በሚያህል ውፍረት ላይ ከ2,000 በላይ የሚሆኑት ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ አንዱን ከሌላው መለየት ግን አይቻልም። በካሊፎርኒያ የስክሪፕስ ምርምር ተቋም ኬሚስቶች በዚህ ቫይረስ ገጽ ላይ ሌላ ሞለኪውል ሊያያዝባቸው የሚችሉ 300 ቦታዎችን ቆጥረዋል። የት የት እንዳሉም በትክክል ይታወቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሐሳብ መጫን ነበር። በ1998 አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩት ተመራማሪዎች ትሬቨር ዳግላስና ማርክ ያንግ ሌላ የካውፒ ቫይረስ ወሰዱ፤ ካውፒ ክሎሮቲክ ሞትል ይባላል። የዚህ ቫይረስ ቅርፊት የፈሳሹ አሲድነት ሲቀንስ ያብጥና ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ፤ አሲድነቱ ሲጨምር ደግሞ ይኮማተርና ይዘጋል። ሁለቱ ሰዎች ዘረመሉን አውጥተው በምትኩ ሌላ ነገር ውስጡ አስገቡና በሩን ዘጉበት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሞክሯል። በሰሜን ካሮላይና በክሎቨር ሣር ላይ የሚገኝ ቫይረስ ውስጥ ዶክሶሩቢሲን የሚባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ተጭኗል፤ የዚያ ቫይረስ በር የሚከፈተው ካልሲየም ሲቀንስ ነው። በትምባሆው ቫይረስ ቦይ ውስጥ የፕላቲነም መድኃኒቶች ተጠቅጥቀዋል፤ በላዩ ደግሞ በኤምአርአይ ምስል ላይ የሚያበራ ጋዶሊኒየም ተለጥፏል።

ችግሩ ከመርፌው በኋላ ይጀምራል። በደም ሥር የገባ ናኖቅንጣት፣ ከቫይረስ ይሁን ከወርቅ፣ አብዛኛው የሚያርፈው በጉበትና በጣፊያ ነው። እዚያ የሚኖሩት ማክሮፋጅ የሚባሉ በላተኛ ሕዋሳት ባዕድ ነገር እየለቀሙ መዋጥ ሥራቸው ነው። ቅንጣቱን ከዓይናቸው ለመሰወር በሌላ ሞለኪውል መሸፈን ይቻላል፤ ይሠራልም። ነገር ግን ወደ ዕጢው የሚደርሰው ድርሻ አሁንም ትንሽ ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ ለመድኃኒት አመላላሽነት እንቅፋት የሆነው ይህ ጠባይ፣ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ቫይረሱን ቶሎ አይተው መዋጣቸው፣ ትንሽ ቆይቶ ዋናው ጥቅም ሆኖ እናገኘዋለን።

ከዚያ በፊት ግን ማንም ጤነኛ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ቫይረስ በሰው ሰውነት ውስጥ አስገብቶ ምን ዓይነት ሕክምና ነው?

የተክል ቫይረስ በሰው ሕዋስ ውስጥ አይራባም። የሰው ቫይረስ የሕዋሳችንን በር የሚከፍትበት ቁልፍ አለው። የተክል ቫይረስ ግን በር ከፍቶ አያውቅም፤ የተክል ሕዋስ በጠንካራ ግድግዳ የታጠረ በመሆኑ የሚገባው በቁስል ወይም ነፍሳት በሚነክሱበት ቦታ ነው። የካውፒውን ቫይረስ ከማሳ ማሳ የሚያዞሩት ቅጠል የሚበሉ ጥንዚዛዎች ናቸው። እኛም ብንሆን ከእነዚህ ቫይረሶች ጋር አዲስ ትውውቅ የለንም። በ2006 የታተመ ጥናት በአሜሪካ ሳንዲያጎና በሲንጋፖር ከጤነኛ ሰዎች የተወሰደ ሰገራ መርምሮ ነበር። ከአር ኤን ኤ ቫይረሶች መካከል በብዛት የተገኘው የአንጀት በሽታ የሚያመጣ ሳይሆን በርበሬ የሚያሳምም ነበር። በአንድ ግራም ደረቅ ሰገራ ውስጥ እስከ አንድ ቢሊዮን ድረስ ተቆጥሯል። ምንጩም ሲፈለግ በበርበሬ በተሠሩ ምግቦች ውስጥ ተገኘ። ይህ ቫይረስ በሰው ሰገራ ውስጥ ከመብዛቱ የተነሣ ዛሬ ወንዝ በፍሳሽ መበከሉን ለማወቅ እንደ ምልክት ያገለግላል። በበርበሬ የምንምል ሕዝብ ይህን ስንሰማ መደንገጥ የለብንም፤ ሰዎቹ አልታመሙም ነበር።

ይህ ማለት ግን ቫይረሱን በመርፌ መውሰድ ከመብላት ጋር አንድ ነው ማለት አይደለም። በመርፌ ሲገባ ሰውነት ዝም አይልም። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚታጠፈው።

በ1891 ዊሊያም ኮሊ የሚባል የኒውዮርክ ቀዶ ሐኪም ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ሆን ብሎ በካንሰር ሕመምተኛ ዕጢ ውስጥ ወጋ። ኢንፌክሽን የያዛቸው አንዳንድ ሕመምተኞች ዕጢያቸው ሲጠፋ እንደነበር ከመዛግብት አንብቦ ነበር። ዕጢ የጠፋላቸው ነበሩ፤ በኢንፌክሽኑ የሞቱም ነበሩ። ሐሳቡ ለብዙ ዘመን ተረሳና በሌላ መልክ ተመለሰ። ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ለሕፃናት የምንሰጠው ቢሲጂ ክትባት ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሽንት ፊኛ ካንሰር ላይ እየተሠራበት ይገኛል። በ2015 ደግሞ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በዘረመል የተለወጠ የሄርፒስ ቫይረስ በቆዳ ካንሰር ዕጢ ውስጥ እንዲወጋ ፈቀደ።

የእነዚህ ሁሉ መነሻ አንድ ነው። ካንሰር ውሻው እንደለመደው ሌባ ነው። ከገዛ ሰውነታችን የወጣ በመሆኑ ጠባቂዎቹ በአጠገቡ ያልፋሉ እንጂ አይጮኹበትም። ነገር ግን በዚያው ግቢ ውስጥ የማያውቁት እንግዳ ድንገት ሲገባ ውሾቹ ሁሉ ይነሣሉ፤ ከተነሡ በኋላ ደግሞ በግቢው ያለውን ሁሉ መርምረው ሌባውንም ያገኙታል። ኮሊ ያስገባው እንግዳ ራሱ ነፍሰ ገዳይ ነበር። የሚፈለገው ጠባቂዎቹን የሚያስቆጣ፣ ራሱ ግን ጉዳት የማያደርስ እንግዳ ነው።

ኒኮል ስታይንሜትዝ የተባለች ሳይንቲስት፣ ያኔ በኦሃዮ ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ፣ ዛሬ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ የምትሠራ፣ ከዳርትማውዙ ስቲቨን ፊሪንግ ጋር በ2016 ያሳተመችው ጥናት ይህን እንግዳ አቀረበ። ባዶው የካውፒ ሞዛይክ ቅርፊት ነበር። መድኃኒት አልተጫነበትም፤ ምንም አልተለጠፈበትም። ካንሰር በሳንባቸው የተዛመተባቸው አይጦች ቅንጣቱን በአየር ቧንቧቸው ሲቀበሉ የዕጢዎቹ እድገት ተገታ። በቆዳ፣ በኦቫሪ፣ በትልቁ አንጀትና በጡት ካንሰር ሞዴሎችም ላይ ውጤት ታየ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ከቆዳ ካንሰር የዳኑት አይጦች ነገር ነው። ያው ካንሰር በሌላ የሰውነታቸው ክፍል እንደገና ሲወጋባቸው አብዛኞቹ ዕጢ አላበቀሉም። ሰውነታቸው ካንሰሩን ለይቶ አውቆታል፤ ያወቀውንም አልረሳም። የተወጉት ግን የአተር ቫይረስ እንጂ የካንሰር ክትባት አልነበረም።

ይህ እንዴት ይሆናል? በሽታ ተከላካይ ሕዋሳቶቻችን የማይክሮብ ምልክት የሚለዩባቸው ተቀባዮች አሏቸው። የቫይረሱ ቅርፊት ሁለቱን ይቀሰቅሳል፤ በውስጡ አር ኤን ኤ ካለ ሦስተኛው ይጨመራል። መጀመሪያ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ቅንጣቶቹን እየዋጡ ወደ ዕጢው ይጎርፋሉ። የሚለቁት ኬሚካል ሌሎችን ይጠራል። የካንሰር ሕዋሳት ሲሞቱ ፍርስራሻቸው ይወሰድና ቲ ሕዋሳት ለሚባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት ይታያል። ቲ ሕዋሳቱ ያዩትን ይዘው በመላ ሰውነት ይዞራሉ። ስለዚህ አንዱ ዕጢ ሲወጋ ያልተወጋውም ሊነካ ይችላል።

ታዲያ ማንኛውም የተክል ቫይረስ ይህን አያደርግም? አያደርግም፤ በዚህ ጉዳይ ለምርምር የሚጋብዘው ትልቁ ነገርም ይህ ነው። በዳግላስና በያንግ እጅ የነበረው ክሎሮቲክ ሞትል በዚያው በካውፒ ላይ ይበቅላል፣ መጠኑም ከሞዛይኩ ጋር ይቀራረባል፣ ሕዋሳትም እኩል ይውጡታል። ዕጢ ላይ ግን ደካማ ነው። በ2025 የታተመ የሳንዲያጎ ጥናት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መርምሯል። ሞዛይኩ ኢንተርፌሮን የሚባሉትን ፀረ ካንሰር ጠቀሜታቸው የታወቀ ፕሮቲኖች ያስነሣል፤ አር ኤን ኤውም በሕዋሱ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ሳይፈርስ ቆይቶ ትክክለኛው ተቀባይ ዘንድ ይደርሳል። ሌላው እብጠት የሚያመጡ ኬሚካሎችን ቢያስነሣም በዚህ መንገድ አይሄድም።

አይጥ በላቦራቶሪ የተሰጣትን ካንሰር ነው የምትታመመው። ውሻ ግን እንደ ሰው በዕድሜው ብዛት ራሱ ካንሰር ይይዘዋል፤ ከባለቤቱ ጋር አንድ አየር ይተነፍሳል፣ በሽታውም ለየራሱ ነው። ስለዚህ የአፍ ሜላኖማ የያዛቸው ውሾች በአሜሪካ፣ ኃይለኛ የጡት ካንሰር የያዛቸው ሴት ውሾች ደግሞ በማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሆስፒታል በዚህ ቅንጣት ታክመዋል። በማድሪድ ዕጢያቸው በቀጥታ የተወጋው ውሾች ዕጢ ቀንሷል። የውሾቹ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም፣ ካንሰሩ ሐኪሞች እጅ የሚሰጡበት ዓይነት በመሆኑ ውጤቱ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ልምጣ። ቫይረሱ ለሰው ባይራባም ለካውፒ አሁንም በሽታ ነው። የታከመ ውሻ ወይም ሰው ቫይረሱን ወደ ማሳ ቢያወጣስ? ስለዚህ ተመራማሪዎች በአልትራቫዮሌት ጨረር ወይም በፎርማሊን ያመክኑታል። የጨረሩ ወይም የፎርማሊኑ መጠን ካነሰ ቫይረሱ ተክል ማሳመሙን አይተውም፤ ከበዛ ደግሞ አር ኤን ኤው ይጎዳና ያ ሁሉ የማስቆጣት ኃይሉ ይዳከማል። መሐሉን ማግኘት አድካሚ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ፋብሪካው፣ ጥራቱ፣ የገንዘቡ ጉዳይ ይመጣል። የካናዳው ሜዲካጎ ኩባንያ ታሪክ ለዚህ ትምህርት ይሰጣል። የሱ የኮቪድ ክትባት የተክል ቫይረስ አልነበረም፤ የኮሮና ቫይረስን ቅርፊት የሚመስል፣ በትምባሆ ዘመድ ተክል ቅጠል ውስጥ የበቀለ ቅንጣት ነበር። በየካቲት 2022 ካናዳ ፈቀደችው። ነገር ግን የሲጋራ ኩባንያ ባለድርሻ ስለነበረበት የዓለም ጤና ድርጅት አልተቀበለውም፤ በ2023 ኩባንያው ተዘጋ። ቅጠል ውስጥ የበቀለ ክትባት ሊፈቀድ እንደሚችል ግን ከዚያ በኋላ ማንም አይጠራጠርም።

ለእኛ አገር ከካንሰሩ ባላነሰ የሚያጓጓኝ የሙቀቱ ነገር ነው። በኮቪድ ጊዜ የፋይዘር ክትባት ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ይፈልግ ነበር። መብራት በሚቆራረጥበት ገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክትባት የምታጓጉዘው በበረዶ በታሸገ ሳጥን ነው፤ በረዶው ከቀለጠ ድካሙ ከንቱ ነው። የካውፒ ሞዛይክ ቅርፊት ደግሞ 60 ዲግሪ ሙቀትን ይቋቋማል። የስታይንሜትዝ ቡድን በ2021 በዚህ ቅርፊትና በአንድ የባክቴሪያ ቫይረስ ላይ የኮሮናን ቁርጥራጮች ለጥፎ የክትባት ዕጩ ሠራ፤ ከፕላስቲክ ጋር በሙቀት ቀልጦ ከቆዳ ሥር በሚቀበር ቅንጣቢ መልክ ሁሉ ተዘጋጀ፤ በአይጦችም ላይ ፀረ እንግዳ አካል አስነሣ። ማቀዝቀዣ የማይፈልግ ክትባት ምን ማለት እንደሆነ ለቆላ ጤና ኬላ ሠራተኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ካውፒም በቆላማ አካባቢዎቻችን የሚበቅል ሰብል ነው። በአምቦ የግብርና ምርምር ማዕከል የተክል ቫይረስ የሚያውቁ ሰዎች አሉን፤ በአዲስ አበባ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ክትባትና የበሽታ መከላከያ ሥርዓትን የሚያጠኑ አሉን። አንደኛው ወገን ቫይረሱን ማባዛትና ማጥራት ያውቃል፣ ሌላው ሰውነት ለቫይረስ የሚሰጠውን ምላሽ ይለካል። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ የሚጀምሩት ሥራ ቢሊዮን ብር የሚጠይቅ አይደለም፤ የመጀመሪያው ዕቃ ዘር፣ አፈርና ቅጠል ነው። የግብርና እና የጤና ምርምርን የሚመሩ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት እመኛለሁ።

ለሕመምተኞችና ለአስታማሚዎች ደግሞ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። ይህ ምዕራፍ እስከተጻፈበት ጊዜ ድረስ የካውፒ ሞዛይክ ቫይረስ በየትኛውም አገር ለሰው የካንሰር መድኃኒትነት አልተፈቀደም። ካውፒ ቀቅሎ መብላትም ሆነ የታመመ ቅጠል ጨምቆ መጠጣት ካንሰር አያድንም፤ በአይጦችና በውሾች ላይ የታየው ውጤት የተገኘው ተጣርቶና ተለክቶ በዕጢው ወይም በአጠገቡ ከተሰጠ ቅንጣት ነው። ማንም ይህን መድኃኒት ልሽጥላችሁ ቢላችሁ አትመኑት፤ ሐኪም ያዘዘላችሁን ሕክምናም በዚህ ምክንያት አታቋርጡ።